በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች አትሌቲክስ «ዲቪዚዮን» ማለት ምንድን ነው?

አዲስ አበባ ስታዲየም አካባቢ ቡና የሚጠጡ የአትሌቲክስ ወዳጆች አሜሪካ የሚኖሩ ዘመዶቻቸው ልጆች ያስመዘገቡትን ውጤት በስልካቸው ያሳዩኛል። በቅርቡ አንድ አስተያየት ሰጪ በሦስተኛ ዲቪዚዮን ያሸነፈን ልጅ ሰዓት «የሦስተኛ ደረጃ ውጤት ስለሆነ ከቁጥር አይገባም» ሲል ሰማሁት። ይህን አባባል ደጋግሜ ስለሰማሁት በዝምታ ማለፍ አልፈለግሁም።

ስህተቱ የመጣው ከእግር ኳስ ነው። በእግር ኳስ ክለብ ወደ ላይኛው ዲቪዚዮን የሚያድገው አሸንፎ፣ የሚወርደውም ተሸንፎ ነው። የአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግን በአብዛኛው የሚመደቡት በተማሪዎቻቸው ብዛት እንጂ በአትሌቶቻቸው ብቃት አይደለም። የቁጥሩ ቅደም ተከተል ራሱ በየክፍለ ግዛቱ ይለያያል፤ በኦሃዮ ትልልቆቹ ትምህርት ቤቶች አንደኛ ዲቪዚዮን ውስጥ ሲሆኑ፣ በቴክሳስ ደግሞ የትልልቆቹ ምድብ 6ኤ፣ የትንንሾቹ 1ኤ ይባላል። ካሊፎርኒያ በክፍለ ግዛቱ የፍጻሜ ውድድር ላይ ሁሉንም ያለ ዲቪዚዮን ታወዳድራለች።

ነገሩን በእድር ላስረዳ። 500 አባላት ያሉት እድርና 50 አባላት ያሉት እድር ረጅሙን ሰዋቸውን እንዲያቀርቡ ቢጠየቁ፣ የትልቁ እድር ሰው በቁመት የመብለጥ ዕድሉ ሰፊ ነው። ሆኖም የትንሹ እድር ሰው 1 ሜትር ከ90 ከሆነ 1 ሜትር ከ90 ነው፤ የእድሩ መዝገብ ማነስ እሱን አያሳጥረውም። አራት አራት ረጃጅም ሰዎች አምጡ ቢባል ግን ልዩነቱ ይሰፋል፤ ትልልቅ ትምህርት ቤቶች በዱላ ቅብብልና በቡድን ነጥብ ጎልተው የሚታዩት በዚሁ ምክንያት ነው። በትንሹ እድር ደግሞ ያ ረጅም ሰው ድንኳን ተካዩም ወንበር ተሸካሚውም እሱ ነው። የትንሽ ትምህርት ቤት ጎበዝ ሯጭም በአንድ ቀን 800 ሜትር፣ 1,600 ሜትርና ዱላ ቅብብል ሊሮጥ ስለሚችል፣ የመጨረሻው ሰዓቱ ሙሉ አቅሙን ላያሳይ ይችላል።

እንግዲህ ሜዳሊያ ሌላ፣ ሰዓትና ርቀት ሌላ ነው። የአንድ ዲቪዚዮን አሸናፊነት የሚናገረው ስለዚያ ዲቪዚዮን ብቻ ሲሆን፣ ሰዓትና ርቀት ግን ድንበሩን ተሻግረው ይነጻጸራሉ፤ ምክንያቱም ወንዶቹ በየትኛውም ዲቪዚዮን ቢሆኑ የሚወረውሩት አሎሎ 5.44 ኪሎ ግራም፣ የ110 ሜትር መሰናክላቸውም ከፍታ 99.1 ሴንቲ ሜትር ነው። መሣሪያውን የሚቀይረው የዕድሜ ምድብ ነው፤ በዓለም አቀፍ ውድድር ከ18 ዓመት በታች ያሉ ወንዶች 5 ኪሎ ግራም፣ ከ20 ዓመት በታች ያሉት 6 ኪሎ ግራም አሎሎ ስለሚወረውሩ፣ ሁለቱን ርቀቶች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ትርጉም የለውም።

ለዓመታት ሰዓት ስይዝ እንደኖረ ሰው ሌላም ልጨምር። በእጅ የተያዘ የ100 ሜትር ሰዓት ከኤሌክትሮኒክ ሰዓት ጋር ሲነጻጸር በተለምዶ 0.24 ሰከንድ ይደመርበታል፤ ከጀርባ የሚገፋው ነፋስ በሰከንድ ከ2.0 ሜትር ካለፈም ሰዓቱ ለክብረ ወሰን አይያዝም። በረጅም ርቀት የፍጻሜ ሩጫ ልጆቹ እርስ በርስ እየተጠባበቁ ስለሚሮጡ፣ የአሸናፊው ሰዓት ከማጣሪያው ሊዘገይ ይችላል። ያንን ልጅ ከእኛ ታዳጊዎች ጋር ለማወዳደር የሚፈልግ ሰውም ቢሆን፣ እዚያ የሚሮጠው 3,200 ሜትር ከ3,000 ሜትር ጋር አንድ አለመሆኑን፣ የእኛዎቹም የሚሮጡት ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ መሆኑን አስቀድሞ ሊያስብ ይገባዋል።