የመንግሥት እርሻ ለማን ይመለስ? ከሐረርና ከድሬዳዋ ሲታይ

የመንግሥት እርሻን መሬት ለሌላቸውና ለተፈናቀሉ ሰዎች መመለስ ሲሰሙት ቀላል ነው። መሬቱ አለ፣ ሰውም አለ፤ ይሰጠው። ሐረር ላይ ግን ይህን ስትል ወዲያው «ለየትኛው ባለቤት?» የሚል ጥያቄ ይመጣብሃል።

ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ ድል አድርገው ሐረርን ከያዙ በኋላ በአካባቢው ብዙ መሬት ለወታደርና ለሹም ተሰጠ። ገበሬው ገባር፣ ቆይቶም ጭሰኛ ሆነ። ጁገል ከሚባለው የሐረር ከተማ ግንብ ውጭ ደግሞ ሌላ ዓይነት ባለመሬት ነበር። የከተማው የሐረሪ ቤተሰቦች ከጥንት ጀምሮ የቡናና የጫት ማሳ ነበራቸው። ባለቤቱ ግንቡ ውስጥ ያድራል፤ አራሹ አብዛኛውን ጊዜ ኦሮሞ ገበሬ ነው። ምርቱን ይካፈላሉ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 31 ወጣ። የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሆነ። አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር፣ ማለትም ከሩብ ጋሻ በላይ እንዳይዝ ተወሰነ። ጭሰኝነት ቀረ። ለመሬቱ ካሳ የሚባል ነገር አልነበረም። አራሹ ያረሰው ማሳ በእጁ ቀረለት፤ ግንቡ ውስጥ ያለው ቤተሰብ ደግሞ ማሳውን ባንድ ቀን አጣ። በዚያው ዓመት ሐምሌ አዋጅ ቁጥር 47 መጣና ትርፍ ቤቱንም ወሰደበት። ብዙ ሐረሪዎች ፊታቸውን ወደ ንግድ አዞሩ። አዲስ አበባ የገቡ፣ ባሕር የተሻገሩም አሉ። እንግዲህ «ይመለስ» ቢባል ቀድሞ የሚሰለፈው የማን ልጅ ነው?

ትልልቆቹ የንግድ እርሻዎች ግን ለገበሬ አልተከፋፈሉም። መንግሥት ራሱ ያዛቸው። ለድሬዳዋ ሰው ቅርቡ ከባቡሩ መስመር ዳር ያለው የኤረር ጎታ የፍራፍሬ እርሻ ነበር። በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ገበሬዎች በጋራ የሚያርሱባቸው የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት በወራት ውስጥ ብትንትናቸው ወጣ። ገበሬው ማንንም አልጠበቀም፤ መሬቱንም በሬውንም ተከፋፈለ። የመንግሥት እርሻ ግን ደመወዝተኛ፣ ትራክተርና ቢሮ ስለነበረው እንዲህ በቀላሉ አይፈርስም።

በእውነት የተመለሰ መሬት ማየት የፈለገ በባቡሩ መንገድ ወደ አዋሽ ይውረድ። እዚያ የመስኖ ልማቱ በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ሲቋቋም ተስፋፋ። ጥጥ የተዘራበት ሜዳ አፋሮች በበጋ ከብት ይዘው የሚሸሹበት ግጦሽ ነበር። በሽግግር መንግሥቱ ጊዜ በመካከለኛው አዋሽ፣ አሚባራ አካባቢ፣ ከእርሻው ከፊሉ ለጎሳዎች ተመለሰላቸው። ችግሩ ግን አርብቶ አደር የጥጥ እርሻ ሲረከብ ፓምፑንና ቦዩን ማን ይጠግናል? ብዙዎቹ መሬቱን ለባለሀብት አከራዩ ወይም የእኩል ሰጡ። ውሃው የማይደርሰውን ፕሮሶፒስ የሚባል እሾሃማ ወራሪ ዛፍ ወረሰው፤ ሌላውን ጨው በላው። መሬት ብቻውን መመለስ ግማሽ ሥራ መሆኑን እዚያ ያየ ሰው አይጠራጠርም።

ሕጉ የሚለው ግልጽ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም ይላል። ገበሬ በነፃ መሬት የማግኘት፣ ከይዞታው ያለመፈናቀል መብት አለው፤ አርብቶ አደርም እንዲሁ። በመንግሥት ፕሮግራም የተፈናቀለ ካሳ እንደሚገባው አንቀጽ 44 ያክላል። ግጭት ስላፈናቀለው ግን አንቀጹ ዝም ነው። በ2010 ዓ.ም. ከሶማሌ ክልል ተፈናቅለው በሐረርና በድሬዳዋ መጠለያዎች የከረሙት ብዙ ነበሩ። ከመካከላቸው ነጋዴም፣ የከተማ ሠራተኛም ነበር። ብዙዎቹ በኋላ በኦሮሚያ ከተሞች ዳር ሰፈሩ። ለእነዚህ እርሻ ከመስጠት ሱቅ መክፈቻ መስጠት ሳይሻል አይቀርም።

ሐረርጌ ላይ ደግሞ የሚሰጥ መሬት ከየት ይመጣል? በደጋው ማሳው የሚለካው ቂንዲ በሚባለው ትንሽ የመሬት መለኪያ እንጂ በጋሻ አይደለም። ጫት በጠባብ መሬት ገንዘብ ስለሚያመጣ ሰው ይቆይበታል። አባት ለልጆቹ ሲያካፍል ግን ድርሻው እያነሰ፣ እያነሰ ይሄዳል። ዛሬ መሬት ይሰጠኝ ብሎ ቀበሌ ከሚያመለክተው ወጣት ብዙው በ1967 መሬት የደረሰው ጭሰኛ የልጅ ልጅ ነው።