«የአእምሮ ጤናና ሥነ ልቦናዊ ማኅበራዊ ድጋፍ» ምንድን ነው?

ስሙ ረጅም ነው፤ መግለጫ ላይ ሲነበብ ሰሚው ግማሹ ላይ ትቶት ይሄዳል። ሐሳቡ ግን የስሙን ያህል አይከብድም። ጦርነት፣ ረሃብ ወይም ወረርሽኝ ሲመጣ ሰው አእምሮው እንዲጸና የሚያስፈልገው ሐኪም ብቻ አይደለም፤ ቀለብ፣ እውነተኛ ወሬ፣ ጎረቤትና አብሮ የሚያለቅስ ሰውም ያስፈልገዋል ነው ነገሩ።

የተባበሩት መንግሥታት ተቋማትና የእርዳታ ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት መመሪያ ሐሳቡን በፒራሚድ ሥለውታል። ከሥር ምግብ፣ መጠለያና ደኅንነት አሉ። ቀጥሎ ቤተሰብና ማኅበረሰብ። ከዚያ በላይ ስፔሻሊስት ያልሆነ ግን የሠለጠነ ሰው፣ ለምሳሌ የጤና ጣቢያ ነርስ፣ የሚሰጠው ምክርና ክትትል። ጫፉ ላይ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች። ጫፉ የጠበበው አብዛኛው ሰው እዚያ ሳይደርስ ከታች ይጽናናል ተብሎ ስለሚታሰብ ነው።

ኮሮና ፒራሚዱን ከላይም ከታችም ነቀነቀው። አገራችን ውስጥ የመጀመሪያው ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲገኝ፣ አዲስ አበባ ላይ ለኮሮና ሕክምና የተለየው ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ነበር። ኤካ ኮተቤ ደግሞ የአእምሮ ሕክምና ይሰጥበት የነበረ ቤት ነው። ካለችን ጥቂት አልጋ ላይ ተቀነሰ ማለት ነው። እኛ ብቻ አልነበርንም፤ የዓለም ጤና ድርጅት በዚያው ዓመት 130 አገሮችን ጠይቆ፣ በ93 በመቶዎቹ የአእምሮ ጤና አገልግሎት ተስተጓጉሏል ወይም ቆሟል አለ።

መፍትሔ ተብሎ የመጣው ስልክ ነው። ከአገሮቹ 70 በመቶው ሕክምናውን ወደ ስልክና ቪዲዮ አዙረናል አሉ፤ ከሀብታሞቹ ከ80 በመቶ በላይ፣ ከድሆቹ ግን ከግማሽ በታች። ስልክ ጥሩ ነው፤ ግን ሁሉን አይችልም። በየወሩ ፍሉፌናዚን የተባለውን የጽኑ አእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚወጋ ታማሚ መርፌውን በስልክ አይወጋም። ከክፍለ ሀገር የሚመጣ ከሆነ ደግሞ አውቶቡስ ግማሽ ሰው ጭኖ በእጥፍ ዋጋ ነበር የሚሄደው፤ ጭራሽ መንገድ የዘጉ ክልሎችም ነበሩ። አንድ ክፍል ቤት ከባሏና ከልጆቿ ጋር የምትኖር ሴትስ ስለ ባሏ ለባለሙያ ምን ብላ ታወራለች? «ደህና ነኝ» ትልና ትዘጋዋለች።

ሌላው ዘዴ የብዙ ወር መድኃኒት አንድ ላይ መስጠት ነው። መመላለስን ያስቀራል። ራሱን ለማጥፋት ለሚያስብ ሰው ግን የሦስት ወር ኪኒን በእጁ ማስጨበጥ አደጋ ስለሆነ፣ መድኃኒቱን የሚይዝለት ዘመድ አብሮ ይፈለጋል።

የገንዘቡ ነገር አጭር ነው፦ ከተጠየቁት አገሮች 89 በመቶው ድጋፉ በኮሮና ዕቅዳችን ውስጥ አለ ሲሉ፣ ከእነዚህ ሙሉ ተጨማሪ በጀት ያገኙት 17 በመቶ ብቻ ናቸው። በወረቀት ላይ መኖር ቀላል ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን የፒራሚዱ ሁለተኛ እርከን፣ ቤተሰብና ማኅበረሰብ ያልነው፣ ነው። እኛ ዘንድ እሱ ማለት እድር፣ ማኅበር፣ የቡና ተርቲም፣ ለቅሶ ነው። መጋቢት 30 የታወጀውን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ተከትሎ የወጣው ደንብ ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብን ከለከለ። ለበሽታው ትክክል ነበር፤ ለሐዘንተኛው ግን ድንኳኑን አፈረሰበት። የውጭ አገር መመሪያ «ማኅበረሰቡን አጠናክሩ» ሲል፣ የእኛ ማኅበረሰብ የሚጠናከረው ተጠጋግቶ በመቀመጥ መሆኑን አልቆጠረውም።

ለቅሶም ወደ ስልክ ገባ። «እግዜር ያጽናሽ» ይላል ደዋዩ። «አሜን» ትላለች ሐዘንተኛዋ። ከዚያ ሁለቱም ዝም። ለቅሶ ቤት ቢሆን ማንም እንዲያወራ አይጠበቅም፤ ንፍሮው ይዞራል፣ ሰው ጥግ ይዞ ይቀመጣል፣ ይመሻል። በስልክ ሲሆን ግን ትንሽ ቆይቶ «ሃሎ? ተቋረጠ እንዴ?» ይመጣል።