አርሴኒክ ለደም ካንሰር፣ ኩላሊቱ ለደከመ ታካሚ፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

አርሴኒክ ትራይኦክሳይድ አንድን የደም ካንሰር ዓይነት የሚያድን መድኃኒት ነው። ካንሰሩ አኪዩት ፕሮማይሎሳይቲክ ሉኪሚያ ይባላል፤ በአጭሩ ኤ.ፒ.ኤል.። ሁሉም ሰው በመርዝነቱ የሚያውቀው ነገር ሰው ማዳኑ ሲሰሙት ይገርማል። ሐኪምን የሚያስጨንቀው ግን ኩላሊቱ የደከመ ታካሚ ሲመጣ ነው። አርሴኒክ ከሰውነት የሚወጣው በዋናነት በሽንት ነዋ። ስለዚህ ጉዳይ በአማርኛ አንድ ላይ የተሰበሰበ ጽሑፍ እንደ ልብ ስለማይገኝ ያለኝን እዚህ አሰባስቤያለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በሽታውን ለብቻው ለይቶ የገለጸው ኖርዌያዊው ሐኪም ሌፍ ሂለስታድ ነው፤ በ1957። 15ኛውና 17ኛው ክሮሞዞም ቁራጭ ይለዋወጡና ፒ.ኤም.ኤል-ራራ የሚባል ጥምር ፕሮቲን ይፈጠራል። በዚህ ፕሮቲን ምክንያት ነጭ የደም ሕዋሳት መጎልመሳቸውን ያቆማሉ፤ መቅኔውንም ይሞሉታል። የደም መርጋት ሥርዓትም ይናጋል። ታካሚው ድዱ ይደማል፣ ቆዳው ይበልዛል፤ ሕክምና ከዘገየ በአንጎል ውስጥ ደም መፍሰስ በቀናት ሊሞት ይችላል።

አርሴኒክ ወደ ሕክምና የገባው ግን ይህ በሽታ ስም ከማግኘቱ በፊት ነው። እንግሊዛዊው ቶማስ ፋውለር በ1786 አንድ ከመቶ ፖታሲየም አርሴናይት ያለበት ፈሳሽ አስተዋወቀ። ፋውለር ሶሉሽን ተባለ፤ ለብዙ ዓይነት ሕመም ተሰጠ። በ1865 ጀርመን ውስጥ ሊሳወር የተባለ ሐኪም ለሉኪሚያ ታካሚ ሰጥቶ ለውጥ ማየቱን ጻፈ። በ1878 ደግሞ ከቦስተን ከተማ ሆስፒታል ነጭ የደም ሕዋስ ቁጥርን እንደሚቀንስ ሪፖርት ወጣ። ከዚያ ጨረርና ሌሎች የካንሰር መድኃኒቶች መጡና አርሴኒክ ወደ ዳር ተገፋ።

እንደገና የተነሣው በሰሜን ምሥራቅ ቻይና፣ በሐርቢን ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የሐርቢን ሕክምና ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች በገጠር የሚሠራበትን ባህላዊ ቅመማ መረመሩ። ቅመማው አርሴኒክ፣ የጉርጥ መርዝና ካሎሜል የሚባል የሜርኩሪ ጨው ነበረበት። በመርፌ እንዲሰጥ አድርጎ ያዘጋጀው ሃን ታይዩን ነው፤ ፋርማሲስት ነበር። እኔም የዚያው ሙያ ልጅ ነኝና ይህን ሳልጠቅስ አላልፍም። ሐኪሙ ዣንግ ቲንግዶንግ ደግሞ እያንዳንዱን ንጥረ ነገር ለይቶ ፈተነ። የጉርጡ መርዝ የደም ግፊት ከፍ ያደርጋል፤ ካሎሜሉ ኩላሊትን ይጎዳል፤ በሽታውን የሚያድነው አርሴኒኩ ነው። ስለዚህ የጉርጡ መርዝ ቀረ፣ ሜርኩሪው ወደ ጥቂት ቅሪት ወረደ። የኩላሊት ነገር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የዚህ መድኃኒት ጉዳይ ነበር ማለት ነው። ለግኝቱ ዋናው ምስጋና ለማን ይገባል በሚለው አንዳንዶች ዛሬም ይከራከራሉ። በእኔ እይታ ሁለቱም እኩል ይገባቸዋል።

በ1992 ሱን ሆንግዴና ባልደረቦቹ በ32 ታካሚዎች ላይ ያገኙትን ውጤት አሳተሙ። በ1998 ኒውዮርክ ውስጥ በሽታው ካገረሸባቸው 12 ታካሚዎች 11ዱ ሙሉ በሙሉ ከበሽታው ምልክት ነጻ ሆኑ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2000 ፈቃድ ሰጠ። በ2013 ሎ-ኮኮና ባልደረቦቹ አርሴኒክን ከአትራ (ከቫይታሚን ኤ የሚዘመድ እንክብል ነው) ጋር አጣምረው የሰጡበት ጥናት ወጣ። ነጭ ሕዋሳቸው ብዙም ያልበዛ ታካሚዎች ላይ የተደረገ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ያለ ማገርሸትና ያለ ሌላ መሰናክል የቆዩት 97 ከመቶ ነበሩ፤ በአትራና በኬሞቴራፒ የታከሙት ደግሞ 86 ከመቶ። እንዲህ ያለ ውጤት በአዋቂዎች ሉኪሚያ ብዙም አይታይም።

አሠራሩ ግልጽ ነው። አርሴኒክ ያንን ጥምር ፕሮቲን በፒ.ኤም.ኤል. በኩል ይይዘዋል፤ ሕዋሱም ራሱ ፕሮቲኑን ያፈራርሰዋል። የተለመደው መጠን በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 0.15 ሚሊ ግራም ነው። በ5 ከመቶ ዴክስትሮዝ ወይም በሳላይን ተቀላቅሎ ከ1 እስከ 2 ሰዓት በደም ሥር ይንጠባጠባል።

አሁን ወደ ኩላሊቱ። ጉበት አርሴኒኩን ኤም.ኤም.ኤ. እና ዲ.ኤም.ኤ. ወደሚባሉ ሁለት ሌሎች የአርሴኒክ ቅርጾች ይለውጠዋል። ሳይለወጥ በሽንት የሚወጣው ከተሰጠው 15 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው። ይህን አንብቦ «እንግዲያው ኩላሊት ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። የተለወጡት ቅርጾችም የሚወጡት በሽንት ነው። የአርሴኒኩ ግማሽ ዕድሜ (በደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ) ከ10 እስከ 14 ሰዓት ሲሆን፣ የኤም.ኤም.ኤ. 32፣ የዲ.ኤም.ኤ. ደግሞ 70 ሰዓት ገደማ ነው። በየቀኑ ሲሰጥ ይከማቻሉ፤ ኩላሊት ሲደክም ደግሞ ክምችቱ ይብሳል። የክሪያቲኒን ክሊራንስ (ኩላሊት ደምን የማጣራት አቅሙ የሚለካበት ቁጥር) በደቂቃ ከ30 ሚሊ ሊትር በታች ሲሆን የመድኃኒቱ መመሪያ በቅርብ መከታተልንና እንደ ሁኔታው መጠን መቀነስን ይጠይቃል። ስንት ይቀነስ የሚለውን ግን በቁጥር አያስቀምጥም። በደም የሚለካው የክሪያቲኒን ቁጥር ራሱ ሊያታልል እንደሚችልም ልብ ይሏል፤ ክሪያቲኒን ከጡንቻ የሚመነጭ ነውና። ሥጋው የሟሸሸ ታካሚ ክሪያቲኒኑ ደህና መስሎ ኩላሊቱ ደክሞ ሊሆን ይችላል።

ትልቁ ስጋት ልብ ነው። አርሴኒክ በኢ.ሲ.ጂ. (በልብ የኤሌክትሪክ ምርመራ) ላይ ኪው.ቲ. የሚባለውን ርቀት ያስረዝማል፤ አደገኛ የልብ ምት መዛባት ሊከተል ይችላል። ስለዚህ ፖታሲየም ከ4 ሚሊኢኩቫለንት በሊትር፣ ማግኒዚየም ከ1.8 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በላይ እንዲሆኑ ይፈለጋል። ለኩላሊት ታካሚ ይህ ገመድ ላይ እንደ መሄድ ነው። ፖታሲየም ሲጨመር ሊከማችና ራሱ ልብን ሊያቆም ይችላል፤ ሽንት የሚያስወጣ መድኃኒት ሲሰጥ ወይም ዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) ሲደረግ ደግሞ ቶሎ ይወርዳል። ጠዋት ኢ.ሲ.ጂ. ላይ ማስመሪያ አስቀምጣ ትንንሾቹን ሳጥኖች የምትቆጥር ነርስ፣ ወረቀቱ ጥግ ላይ «ከዲያሊሲስ በፊት» ወይም «በኋላ» ብላ ብትጽፍ ለሐኪሙ ትልቅ ሥራ አቀለለችለት። ኪው.ቲ. እንደ ልብ ምት ፍጥነት በቀመር ይስተካከላል። ልብ በፍጥነት ሲመታ የባዜት ቀመር ኪው.ቲ.ን አጋኖ ያሳያል፤ የፍሪደሪሺያ ወይም የፍራሚንግሃም ቀመር ይሻላል። ኦንዳንሴትሮን (የማስታወክ መከላከያ)፣ ፍሉኮናዞል (የፈንገስ መድኃኒት) እና ሌቮፍሎክሳሲንም (አንቲባዮቲክ) ኪው.ቲ.ን ስለሚያስረዝሙ ካርዱ ላይ አሉ ወይ ብሎ ማየት የግድ ነው። ይህ የእኛ የፋርማሲስቶች ድርሻ ነው።

ሁለተኛው ስጋት ዲፈረንሺየሽን ሲንድረም ነው። የካንሰሩ ሕዋሳት በመድኃኒቱ መጎልመስ ሲጀምሩ ትኩሳት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ በሳንባ ዙሪያ ውኃ መቋጠርና ከ5 ኪሎ በላይ ክብደት መጨመር ይመጣል። ኩላሊትንም በአንድ ጊዜ ሊያደክም ይችላል። ሲጠረጠር ዴክሳሜታሶን 10 ሚሊ ግራም በየ12 ሰዓቱ ወዲያው ይጀመራል። ዲያሊሲስ ላይ ያለ ሰው ግን በሁለት እጥበት መካከል ኪሎ መጨመሩ የተለመደ ነው። ስለዚህ ሚዛኑ ብቻውን አይበቃም፤ ትንፋሹና የደረት ራጁ አብረው ይታያሉ።

ዲያሊሲስ ላይ ስላሉ ታካሚዎች ያለው ማስረጃ ቀጭን ነው። ትልልቆቹ ጥናቶች ኩላሊታቸው በጣም የደከመ ሰዎችን አላካተቱም። ያሉት የነጠላ ታካሚ ሪፖርቶች ናቸው። በብዛት መጠኑ ተቀንሶ፣ ቀናቱ ተራርቀው፣ ከእጥበት በኋላ ተሰጥቷል፤ ከበሽታው ምልክት ነጻ የሆኑም አሉ። ስለዚህ የኩላሊት ድካም ብቻውን ይህን መድኃኒት ለመንፈግ በቂ ምክንያት ነው ብዬ አላምንም። ሌላው አማራጭ፣ የኬሞቴራፒ መድኃኒቱ ኢዳሩቢሲንም፣ ኩላሊት ሲደክም መጠኑ መታየት አለበት።

በመጨረሻ የሚረሳው እግር ነው። አርሴኒክ የነርቭ ጉዳት ያስከትላል፤ መደንዘዝና ማቃጠል ከእግር ጣት ይጀምራል። የቆየ የኩላሊት ሕመምና ስኳርም እንዲሁ ያደርጋሉ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጠብታ በፊት የታካሚው ጣቶች ተነካክተው፣ የሚሰማውና የማይሰማው ካርዱ ላይ ይጻፋል። ከወር በኋላ «እግሬን ያቃጥለኛል» ሲል የሚመሳከርበት ይኸው ነው።