ኪፍሬም ምንድን ነው?

አንዲት ኳስ ከስክሪኑ ግራ ጫፍ ተነስታ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ቀኝ ጫፍ እንድትደርስ ፈለጋችሁ እንበል። ፊልም በተለምዶ በሰከንድ 24 ምስል ያሳያል፤ ስለዚህ በእጅ ብትሠሩት ኳሷን በየጊዜው ትንሽ ፈቀቅ እያደረጋችሁ 24 ጊዜ መሳል ሊኖርባችሁ ነው። ኮምፒዩተር ላይ ግን መጀመሪያ የት እንደነበረች እና መጨረሻ የት እንደምትሆን መንገር ይበቃል። እነዚያ ሁለት ምልክቶች ኪፍሬም ይባላሉ። የመካከሉን ሶፍትዌሩ አስልቶ ይሞላዋል።

ኪፍሬም የሚደረገው ቦታ ብቻ አይደለም። መጠን፣ ቀለም፣ የብርሃን ድምቀት፣ የድምፅ ከፍታ፣ በአጭሩ በቁጥር ሊገለጽ የሚችል ነገር ሁሉ ኪፍሬም ሊኖረው ይችላል።

ስሙም ሐሳቡም ከኮምፒዩተር ይቀድማሉ። በእጅ በሚሳል አኒሜሽን ዋናው አኒሜተር ወሳኞቹን አቋሞች ብቻ ይስላል፦ ወርዋሪው ክንዱን ወደ ኋላ የሳበበትን፣ ከዚያም ድንጋዩን የለቀቀበትን። በመካከል ያሉትን ሥዕሎች የሚሞሉት ረዳቶች ናቸው። የአንድ ደቂቃ ፊልም 1,440 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ነው፤ አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም በማሳየት ሥራውን በግማሽ ቢቀንሱት እንኳ 720 ሥዕል ይቀራል። ይህን አድካሚ የረዳቶች ሥራ ለኮምፒዩተር ካስረከቡት ቀዳሚዎች መካከል የካናዳ ብሔራዊ የምርምር ካውንስል ባልደረቦች የነበሩት ኔስቶር በርትኒክ እና ማርሴሊ ዌይን ይገኛሉ። አኒሜተሩ ፒተር ፎልደስ በእነሱ ዘዴ «ላ ፌን» (ረሃብ) የተባለውን አጭር ፊልም ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1974 አወጣው፤ ፊልሙ ለኦስካር እስከ መታጨት ደርሷል።

ችግሩ ኮምፒዩተሩ የሚስለው ነገር ምን እንደሆነ አለማወቁ ነው። በአንደኛው ኪፍሬም ክንዱን ወደ ላይ፣ በሁለተኛው ወደ ታች የዘረጋ ሰው ሳሉ። እያንዳንዱ ነጥብ በቀጥታ መስመር ከተጓዘ የሰውዬው ጣቶች ወደ ጎን ዞረው አይወርዱም፤ በትከሻው በኩል ያልፋሉ። መሃል ላይ ክንዱ ተኮማትሮ ትከሻው ውስጥ ይሰምጣል! ክንዱን ወደ ጎን የዘረጋበት ሦስተኛ ኪፍሬም ብትጨምሩም በየመካከሉ ማጠሩ አይቀርም። መፍትሔው ነጥቦቹን ትቶ የትከሻውን አንግል ኪፍሬም ማድረግ ነው። ለገጸ ባሕርያት ሪግ፣ ማለትም የተሰወረ አጽም የሚሠራላቸውም በዋናነት ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ጣጣ ፍጥነት ነው። አንዳንድ ሶፍትዌር ዝም ብላችሁ ከተዋችሁት መንገዱን እኩል እኩል ይከፋፍለዋል፤ ኳሷም በገመድ እንደሚጎተት ዕቃ ትሄዳለች። ወደ ላይ የተወረወረ ኳስ ግን ጫፍ ሲደርስ ይዘገያል፣ ሲወርድ ይፈጥናል። ይህ የሚስተካከለው በግራፉ ላይ ነው፦ አግድሙ ጊዜ፣ ሽቅቡ የምታንቀሳቅሱት ነገር ዋጋ፣ መስመሩ ቀጥ ብሎ በወጣ ቁጥር እንቅስቃሴው ይፈጥናል። በሁለት እጀታዎች የምታጎብጡት ይህ መስመር የቤዚዬ ኩርባ ይባላል። ስሙን ያገኘው የመኪና አካል ለመንደፍ ከተጠቀመበት የሬኖ መሐንዲስ ከፒየር ቤዚዬ ነው፤ የሲትሮኤኑ ፖል ደ ካስተልዦ ግን እ.ኤ.አ. በ1959 ቀድሞት ደርሶበታል። የመኪና በር ለመቅረጽ የተዘጋጀ ሒሳብ ዛሬ የካርቱን ዓይን ያርገበግባል።

ጀማሪዎች እዚህ ላይ ሁለት ስህተት ያዘወትራሉ። አንደኛው እንቅስቃሴው ባልጣማቸው ቁጥር ኪፍሬም መደርደር ነው፤ ውጤቱ መንቀጥቀጥ ይሆናል። እኔ ብሆን ግማሹን አጥፍቼ ኩርባውን እነካለሁ። ሌላው አፍተር ኢፌክትስ በተባለው የአኒሜሽን ሶፍትዌር ሁሉንም ኪፍሬም መርጦ እንቅስቃሴን የሚያለሰልሰውን ኤፍ 9 ቁልፍ መጫን ነው። ያኔ ሁሉም ነገር ቀስ ብሎ ይነሳል፣ ቀስ ብሎ ያርፋል፤ መዶሻውም ላባውም አንድ ዓይነት ክብደት ይኖራቸዋል።

ቃሉ ሌላ ትርጉምም ስላለው እንዳያደናግራችሁ። ቪዲዮ ፋይሉ እንዲያንስ ሲታመቅ ሙሉ ሆነው የሚቀመጡት ጥቂት ምስሎች ናቸው፤ እነሱም ኪፍሬም ይባላሉ። በመካከላቸው ያሉት የሚይዙት በአብዛኛው ለውጡን ብቻ ነው፤ «ይህ ቁራጭ ወደ ቀኝ ይንቀሳቀስ» እንደማለት። ታዲያ አንድ ሰው በሁለት ትዕይንቶች መገናኛ ላይ ያለውን ኪፍሬም ሆን ብሎ ቢሰርዘው ምን ይሆናል? የአዲሱ ትዕይንት እንቅስቃሴ በአሮጌው ምስል ላይ ይጫናል። ባሕር ካሳየ ትዕይንት ቀጥሎ ሴት ፊቷን የምታዞርበት ቢመጣ፣ ውሃው በጉንጯና በአፍንጫዋ ቅርጽ ይጠማዘዛል። አርቲስቶች ይህን ብልሽት ዳታሞሺንግ ብለው የሥራቸው መሣሪያ አድርገውታል፤ ታኬሺ ሙራታ በዚህ ከሚጠቀሱት ቀዳሚዎች አንዱ ነው። ብልሽቱ የሚቆየው ቀጣዩ ሙሉ ምስል እስኪደርስ ነው፤ እሱ ሲመጣ ስክሪኑ በአንድ ፍሬም ውስጥ ይጠራል።