የኤሌክትሪክ መኪና በደሴና በኮምቦልቻ፦ ዓይነቶቹና ቻርጅ አደራረጋቸው

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር አካባቢ። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ግን በሐረጎ ተራራ በኩል ከ600 ሜትር በላይ ያስወጣል፣ ያስወርዳል። ስለ ኤሌክትሪክ መኪና የሚነገረው አብዛኛው ነገር ይህን ዳገት አያውቀውም። እዚህ አካባቢ ለሚነዳ ሰው ግን የመኪናውን ዓይነት ከመምረጥ አንስቶ ማታ ስንት ፐርሰንት ድረስ ቻርጅ እንደሚያደርግ የሚወስነው እሱ ነው።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ ብቻ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ከዚያ ወዲህ «የትኛውን ልግዛ?» የሚለው ጥያቄ በየቤቱ ገብቷል። በደፈናው «ኤሌክትሪክ» ተብለው የሚሸጡት መኪኖች ግን አንድ ዓይነት አይደሉም።

ሙሉ ኤሌክትሪክ የሚባለው ቤንዚን የሚባል ነገር የለውም። ትልቅ ባትሪና ኤሌክትሪክ ሞተር ብቻ ነው። ተራው ሀይብሪድ ቤንዚን ሞተርም ትንሽ ባትሪም አለው፤ ሶኬት ላይ ግን አይሰካም። ባትሪው የሚሞላው ከሞተሩና ፍሬን ሲያዝ ከሚገኘው ኃይል ነው። ስለዚህ ዞሮ ዞሮ ጉልበቱ የሚመጣው ከማደያ ነው። ሻጭ «ቻርጅ አይፈልግም» ካለዎት ስለዚህኛው እያወራ ነው። ፕለግ ኢን ሀይብሪድ ደግሞ ባትሪው ከፍ ያለ ነው፤ ይሰካል። እንደ ሞዴሉ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር በመብራት ብቻ ሄዶ ከዚያ ወደ ቤንዚን ይዞራል። ሬንጅ ኤክስቴንደር የሚባልም አለ። በእሱ ጎማውን የሚያዞረው ኤሌክትሪክ ሞተሩ ነው፤ ቤንዚን ሞተሩ ጄነሬተር ሆኖ ያግዘዋል። በሃይድሮጅን የሚሠራም መኪና በዓለም ላይ አለ፤ እኛ ዘንድ ግን ሃይድሮጅን የሚቀዳበት ማደያ ስለሌለ ልለፈው።

አሁን ወደ ዳገቱ። ቤንዚን ሞተር ከፍታ ላይ አየር ይሳሳበታል። ቱርቦ (አየር እየገፋ የሚያስገባ መሣሪያ) ከሌለው ደሴ ላይ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አይፈልግም። ኮምቦልቻ ላይ ያለው ጉልበት ደሴም ላይ ያው ነው። ሐረጎን ሲወጣ ማርሽ መቀነስ የለ፣ ማጓራት የለ። በእኔ እይታ ለወሎ መንገድ ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው።

ዳገት ግን በነፃ አይወጣም። 1,700 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 650 ሜትር ወደ ላይ ለመውጣት ብቻ 3 ኪሎዋት ሰዓት (የመብራት ቆጣሪ የሚቆጥርበት መለኪያ) ያህል ኃይል ይፈልጋል። ለ25 ኪሎ ሜትሩ ጉዞ ራሱ ሌላ 3 ወይም 4 ይጨመራል። ስለዚህ ከኮምቦልቻ ደሴ መውጣት በሜዳ ላይ ያንኑ ርቀት ከመሄድ እጥፍ ያህል ባትሪ ይበላል። ሲወርድ ደግሞ ሞተሩ ጄነሬተር ይሆንና መኪናውን እየያዘ ባትሪውን መልሶ ይሞላል። ሁሉም አይመለስም፤ ጥሩ ክፍሉ ግን ይመለሳል።

እዚህ ላይ የደሴ ሰው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ሌሊቱን 100 ፐርሰንት ሞልቶ ጠዋት ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ መኪና የሚመለሰውን ኃይል የሚያስገባበት ቦታ የለውም። ጋዝ ሲለቁ እንደለመደው አይዝም። ሸክሙ ሁሉ ተራው ፍሬን ላይ ይወድቃል፤ በረጅም ቁልቁለት ላይ ደግሞ ፍሬን ይግላል። ስለዚህ ደሴ የሚያድር መኪና 85 ወይም 90 ላይ ቢቆም ይሻላል። ኮምቦልቻ አድሮ ወደ ደሴ የሚወጣው ግን ሞልቶ መነሳቱ ይጠቅመዋል። ብዙዎቹ የቻይና መኪኖች የሚጠቀሙት ኤልኤፍፒ የሚባለው የሊቲየም ባትሪ ቀሪውን መጠን በትክክል እንዲያሳይ አልፎ አልፎ እስከ 100 መሞላት አለበት። ያን ቀን ቁልቁለት የሌለበት ቀን ያድርጉት።

ቻርጅ አደራረጉ ሁለት መንገድ አለው። ከቤት ሶኬት የሚመጣው ኤሲ የሚባለው ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ነው፤ ባትሪ የሚቀበለው ዲሲ የሚባለውን ቀጥተኛውን ነው። መኪናው ውስጥ ያለ ቻርጀር ይቀይረዋል። ፈጣን ቻርጅ ማድረጊያው ግን ራሱ ቀይሮ በቀጥታ ለባትሪው ይሰጣል። በ30 እና ከ100 በላይ በሆነ ኪሎዋት መካከል የሚሰጡ አሉ። ብዙውን ጊዜ እስከ 80 ፐርሰንት ይሮጣል፤ ከዚያ በኋላ ራሱ ይቀዘቅዛል። መንገደኛ ካልሆኑ የመጨረሻዋን 20 ቆሞ መጠበቅ ጊዜ ማባከን ነው።

ከተራ የቤት ሶኬት በ10 አምፔር 2.2 ኪሎዋት ይገኛል። ሲጋል የተባለችው የቻይናው ቢዋይዲ ትንሽ መኪና ትንሹ ባትሪ 30 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ከባዶ ለመሙላት 15 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ግን ማን ባዶ ያደርገዋል? ደሴ ኮምቦልቻ ደርሶ መልስ የሚወስደውን አንድ ሌሊት ያለችግር ይተካል። ግድግዳ ላይ የሚገጠመው የ32 አምፔር ቻርጀር 7 ኪሎዋት ይሰጣል። ይህ ሁለት የኤሌክትሪክ ምጣድ ሌሊቱን ሙሉ እንደተጣደ ማለት ነው። ስለዚህ ከቆጣሪው በቀጥታ የሚመጣ ባለ 6 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ የራሱ ብሬከርና ትክክለኛ አርዝ ያስፈልገዋል። ኤክስቴንሽን በፍጹም። ፊሻው ለእጅ እስኪያቃጥል ከጋለ ወዲያው ይንቀሉት። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ብዙዎቹ ቻርጀሮች ራሳቸው ይቀጥላሉ፤ አንዳንዶቹ ግን ነቅሎ መሰካት ይፈልጋሉ። በየማታው መሰካት የሚሻለውም ለዚህ ነው። 10 ፐርሰንት ሲቀር ብቻ የሚሰካ ሰው መብራት የጠፋ ሌሊት ያገኘዋል።

የመሰኪያው ቅርጽም አንድ አይደለም። ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና ጂቢቲ የሚባለውን ይጠቀማል፤ የአውሮፓው ሲሲኤስ 2 ነው፤ የድሮ ጃፓኖች ቻዴሞ። የቮልስዋገንና የቶዮታ ስም ያለባቸውም ቢሆኑ ለቻይና ገበያ የተሠሩት ጂቢቲ ናቸው። የቻይናውና የአውሮፓው የኤሲ መሰኪያ ከሩቅ ሲያዩት ይመሳሰላል፤ ግን አይገጥምም። ከመግዛትዎ በፊት ክዳኑን ከፍተው ይዩት።

አዲስ አበባ ሌላ ጉዳይ ነው። ከኮምቦልቻ ከ370 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከሸዋ ሮቢት እስከ ጣርማበር ደግሞ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ወደሆነ ከፍታ ይወጣል። ያ ዳገት ብቻውን 8 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበላል። በቻይና መለኪያ 305 ኪሎ ሜትር የተጻፈበት ሲጋል ይህን በአንድ ቻርጅ አይጨርሰውም። በወር ሁለት ሦስቴ አዲስ አበባ ለሚመላለስ ሰው ፕለግ ኢን ወይም 60 ኪሎዋት ሰዓትና ከዚያ በላይ ባትሪ ያለው መኪና እመክራለሁ። ሁለቱን ከተሞች ለሚመላለስ ግን ትንሹ ይበቃዋል።

ተከራይ ከሆኑ ከመኪናው በፊት ከአከራይዎ ጋር ይነጋገሩ። ግቢው በአንድ ካርድ ቆጣሪ የሚጠቀም ከሆነ ለመኪናው ንዑስ ቆጣሪ ማስገባት ይሻላል፤ የበላውን ያሳያል፣ ሒሳቡም ግልጽ ይሆናል። እንጀራ የሚጋገርበትን ሰዓትም ይጠይቁ። ምጣዱ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ስለሚስብ በዚያው ሽቦ ላይ ቻርጀሩ ሲጨመር ብሬከሩ ይወድቃል።