ሽማግሌዎቹ ወጥተው ይለኩ

የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ ወገኖቼ።

ዛሬ ከመድረክ ብዙም የማንሰማውን ክፍል ይዤ መጥቻለሁ። ዘዳግም 21 ከቁጥር 1 እስከ 9። ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሜዳ ላይ የተገደለ ሰው ሬሳ ይገኛል። ገዳዩ አይታወቅም። ምስክር የለም። ሟቹ የማን ልጅ እንደነበር፣ ኑሮው ምን ይመስል እንደነበር ክፍሉ አንድም ቃል አይነግረንም። ያን ጊዜ ሽማግሌዎችና ፈራጆች ይወጣሉ። ሬሳው ከወደቀበት ተነሥተው በዙሪያው እስካሉት ከተሞች ድረስ ይለካሉ። ቅርቧ ከተማ ትለያለች። የዚያች ከተማ ሽማግሌዎች ቀንበር ያልተጫነባት ጊደር ይዘው ወንዝ ወዳለበት ሸለቆ ይወርዳሉ። በጊደሯ ላይ እጃቸውን ይታጠባሉ። ይህን ደም እጃችን አላፈሰሰም፣ ዓይናችንም አላየም ይላሉ። ከዚያም ለሕዝቡ ይቅርታ ይለምናሉ።

እነዚህ ሰዎች አልገደሉም። ታዲያ ለምን ይለካሉ? ይቅርታስ ለምን ይለምናሉ?

በእግዚአብሔር ሕግ ባለቤት የሌለው ሬሳ ስለሌለ ነው። ገዳዩ ባይገኝ እንኳ መልስ የምትሰጥ ከተማ አለች። "የኛ ክልል አይደለም፣ እናንተን ይመለከታል" እየተባባሉ መገፋፋት የለም። የቀረበው ይወጣል፣ አለቀ። ደግሞ ልብ በሉ፣ "ዓይናችን አላየም" የሚባለው በእግዚአብሔር ፊት ነው። ይህን ለማለት መጀመሪያ ወጥቶ መፈለግና መጠየቅ ያስፈልጋል። ቤቱ ቁጭ ብሎ መጋረጃውን የዘጋ ሰው ይህን ቃል በአፉ ሊያነሣው አይችልም።

ክፍሉን የመረጥኩት የምኖረው ካናዳ፣ የማኒቶባ አውራጃ ዋና ከተማ በሆነችው ዊኒፔግ ስለሆነ ነው። ብዙ ሐበሻ አለባት። የአገሬው ተወላጆች፣ የነባር ሕዝቦች ልጆችም በብዛት ይኖሩባታል። እነዚህ ሴቶችና ልጃገረዶች እዚህ አገር ለዓመታት ሲገደሉና ሲጠፉ ኖረዋል። የካናዳ ፌዴራል ፖሊስ በ2014 ባወጣው ዘገባ 1,181 ጉዳዮች ቆጥሯል። 1,017ቱ ከ1980 እስከ 2012 የተፈጸመ ግድያ፣ 164ቱ የጠፉ ናቸው። ከአገሪቱ ሴቶች 4.3 በመቶ ብቻ ሆነው ሳለ ከተገደሉት ሴቶች 16 በመቶው እነሱ ነበሩ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።)

ቁጥሩን እዚህ ላቁምና ስለ አንዷ ልንገራችሁ።

ሄለን ቤቲ ኦዝቦርን ትባላለች። ከነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የክሪ ሕዝብ ልጅ ናት፣ ኖርዌይ ሃውስ ከሚባል የማኒቶባ መንደር። አስተማሪ መሆን ትፈልግ ነበር። ለትምህርት ብላ ዘ ፓ ወደምትባል የማኒቶባ ትንሽ ከተማ መጣች። ኖቬምበር 1971 ሌሊት ላይ በእግሯ ስትሄድ አራት ነጭ ወጣቶች መኪና ውስጥ በግድ ከተቷት። ከከተማው ውጭ ወስደው ገደሏት። 19 ዓመቷ ነበር። እነማን እንዳደረጉት በከተማው ውስጥ ይወራ ነበር። ጓደኛ ለጓደኛ ተናግሯል። ብዙ ሰው ሰምቷል። ሥራ ተሠራ፣ ገበያ ተወጣ፣ እሑድ እሑድ መዝሙር ተዘመረ። ፍርድ ቤት የቀረበ ሰው የተገኘው ከ16 ዓመት በኋላ ነው። ከአራቱ የተፈረደበት አንድ ብቻ ነው። አውራጃው ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን በ1991 ዘገባው ዘረኝነቱንም ዝምታውንም በግልጽ ጽፎታል።

የዘ ፓ ሽማግሌዎች ወደ ሸለቆው ቢወርዱ ኖሮ ምን ይሉ ነበር? "እጃችን አላፈሰሰም" ሊሉ ይችሉ ይሆናል። "ዓይናችን አላየም" ግን አይወጣቸውም። ከመጽሐፉ ሁሉ እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ነው። ሰው ሳይገድል ያን መሐላ መማል ሊያቅተው ይችላል።

አሜሪካ ያላችሁ፣ በተለይ ሚኒያፖሊስና ሲያትል፣ ይህ የካናዳ ነገር ብቻ አይምሰላችሁ። በነባር ሕዝቦች መሬት ላይ ወንጀል ሲፈጸም መጀመሪያ የሚጠየቀው ሟቿ ማን ናት፣ ተጠርጣሪው ማን ነው፣ መሬቱስ የማን ነው የሚል ነው። የጎሣው ፖሊስ አለ፣ የስቴቱ አለ፣ የፌዴራሉ አለ። በ1978 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የጎሣ ፍርድ ቤቶች ከነባር ሕዝቦች ያልሆነን ሰው በወንጀል መዳኘት አይችሉም ብሎ ወሰነ። ስለዚህ አንድ ነጭ ሰው እዚያው መሬት ላይ ሚስቱን ቢደበድብ የመንደሯ ዳኛ ሊነካው አይችልም ነበር። ሥልጣኑ በከፊል የተመለሰው በ2013 ነው፣ በ2022 ደግሞ ሰፋ። እዚያም መለካት ነበር ማለት ነው። የሚለካው ግን ማን ቅርብ እንደሆነ ለማወቅ አልነበረም። ማን ከኃላፊነት እንደሚያመልጥ ለማወቅ ነበር። በ2016 በፖሊስ መዝገብ 5,712 ነባር ሴቶችና ልጃገረዶች ጠፍተዋል የሚል ሪፖርት ገብቷል። ለጠፉ ሰዎች በተዘጋጀው የፍትሕ ሚኒስቴሩ መረጃ ቋት ላይ ግን የተገኙት 116 ናቸው።

አሁን ወደ ሌላ ክፍል ልውሰዳችሁ። 2ኛ ሳሙኤል 21። ሪጽፋ የምትባል እናት አለች። ሁለት ልጆቿን ሰቀሉባት። የሚቀብራቸው የለም። ማቅ ወስዳ ድንጋይ ላይ ዘረጋችና ተቀመጠች። ከመከር መጀመሪያ አንሥቶ ዝናብ እስኪወርድባቸው ድረስ። ቀን ወፍ እንዳያርፍባቸው፣ ሌሊት አውሬ እንዳይቀርባቸው ትከላከል ነበር። ስብከት አላደረገችም። ንጉሡ ዘንድ አቤት ማለቷም አልተጻፈም። ዝም ብላ ከሬሳዎቹ አልለይም አለች። ወሬው ዳዊት ጆሮ ደረሰ። ዳዊትም አጥንቶቹን አስለቅሞ አስቀበረ። ቁጥር 14ን አንብቡ። እግዚአብሔር ስለ ምድሪቱ የተለመነውን የሰማው ከዚያ በኋላ ነው። አገሩ ሁሉ በረሃብ ሦስት ዓመት ሲጨነቅ ነበር እኮ!

ሪጽፋን እዚሁ ዊኒፔግ አይተናታል።

በዲሴምበር 2022 የከተማው ፖሊስ አንድ ሰው አራት ነባር ሴቶችን ገድሏል ብሎ ከሰሰ። የገዳዩን ስም አልጽፍም። የእነሱን ግን እጽፋለሁ። ርቤካ ኮንትዋ። ሞርጋን ሃሪስ። ማርሴደስ ማይረን። አራተኛዋ ማን እንደሆነች ያኔ አልታወቀም ነበር። ስም አልባ ሆና እንዳትቀር የነባሩ ሕዝብ ሽማግሌዎች "የጎሽ ሴት" ብለው በቋንቋቸው ስም አወጡላት። በማርች 2025 ማንነቷ ተረጋገጠ፤ አሽሊ ሺንጉስ ናት።

የሞርጋንና የማርሴደስ አስከሬን ከከተማው በስተሰሜን ባለ ቆሻሻ መጣያ እንዳለ ፖሊስ ራሱ ተናገረ። አንፈልግም ግን አለ። አይቻልም ነው ያለው። የተጠናው ጥናት ፍለጋው እስከ 3 ዓመት ሊፈጅ፣ እስከ 184 ሚሊዮን ዶላርም ሊያስወጣ ይችላል አለ። የጊዜው የአውራጃ መንግሥት መርዛማ ነገር አለ፣ ለፈላጊዎቹ አደጋ ነው ብሎ እምቢ አለ። ቤተሰቦቹ ድንኳን ተከሉ። ብሬዲ ሮድ ወደሚባለው ሌላ የቆሻሻ መጣያ የሚወስደውን መንገድ ዘጉ። የሞርጋን ልጆች እናታችንን ከቆሻሻ ውስጥ አውጡልን እያሉ ከተማ ለከተማ ለመኑ። ጉዳዩ የምርጫ ክርክር ሆነ። በኦክቶበር 2023 መንግሥት ተቀየረ። ፍለጋው በዲሴምበር 2024 ተጀመረ። በማርች 2025 የተገኘው አስከሬን የሁለቱ መሆኑ ተረጋገጠ። አይቻልም የተባለው በጥቂት ወራት ተቻለ።

እኛ ሐበሾች ይህን ለመረዳት ማስረጃ አያስፈልገንም። "ቀባሪ አያሳጣህ" ብለን የምንመርቅ ሕዝብ ነን። ከመካከላችን አንድ ሰው ባዕድ አገር ሲሞት፣ ባናውቀውም እንኳ፣ አስከሬኑ ለእናቱ እንዲደርስ ገንዘብ እናዋጣለን። ልጇን አፈር ሳታለብስ የቀረች እናት ሐዘኗ እንደማይወጣላት እናውቃለን። ታዲያ እነዚያ ልጆች ሁለት ክረምት ሲጮኹ ስንቶቻችን ለቅሶ ደረስን?

ሰበባችንን አውቀዋለሁ። "እኛ እንግዶች ነን። የራሳችን ጣጣ መች አነሰን።" ጣጣውስ እውነት ነው። የዘዳግም ገመድ ግን ዜግነት አይጠይቅም፣ ርቀት ብቻ ይለካል። ከዚህ የከፋ ደግሞ አለ። በየቡናው ላይ "ኔቲቮቹ እኮ ሰካራሞች ናቸው፣ ምን ታደርጋቸዋለህ" ሲባል እሰማለሁ። በመጣን በዓመቱ ይህን ወሬ እንማራለን፣ የሕዝቡን ታሪክ ግን አሥር ዓመት ኖረንም አናውቅም። ወገኖች፣ ይህ ንግግር ኃጢአት ነው። ለስለስ ላደርገው አልችልም። ሴት ልጅ ብትጠጣም፣ ጎዳና ላይ ብታድርም በእግዚአብሔር መልክ የተፈጠረች ናት። ሕጉ ሬሳ ተገኘ እንጂ "ጨዋ ሬሳ ተገኘ" አይልም።

እንደ ክርስቲያን ደግሞ ሌላም መሸከም ያለብን አለ። በካናዳ ከ150,000 በላይ የነባር ሕዝቦች ልጆች ከወላጆቻቸው ተነጥለው አዳሪ ትምህርት ቤት ገብተዋል። ትምህርት ቤቶቹን ለመንግሥት ያስተዳደሩት አብያተ ክርስቲያናት ናቸው፤ ካቶሊክ፣ አንግሊካን፣ ዩናይትድ፣ ፕሬስቢቴሪያን። በኢየሱስ ስም ቋንቋቸውን ተከለከሉ፣ ተደበደቡ፣ ብዙዎች ተደፈሩ። የመጨረሻዎቹ የተዘጉት በ1990ዎቹ ነው። የዛሬዎቹ አያቶች እዚያ ያደጉ ናቸው። ሄለን ቤቲም ከእንዲህ ዓይነት ትምህርት ቤት አልፋ ነው ዘ ፓ የገባችው። አብያተ ክርስቲያናቱ ይቅርታ ጠይቀዋል፤ የያኔው የካቶሊክ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስም በጁላይ 2022 አልበርታ ድረስ መጥተው ጠይቀዋል። "እኛ ኢትዮጵያውያን ነን፣ አያገባንም" ልንል እንችላለን። የምንሸከመው መስቀል ግን ያው ነው። ጎረቤቴ አንገቴ ላይ መስቀል ስታይ ምን ትዝ እንደሚላት ማወቅ አለብኝ። ስለዚህ ትራክት ይዤ ከመሄዴ በፊት ሰምቼ ልሂድ።

አሁን ወደ ሥራው እንምጣ። ቅርብ ማን ነው? ሌሊት ታክሲ የሚነዱ ወንድሞቼ፣ እናንተ ናችሁ። በዚህ ከተማ ነባር ሴቶች ታክሲ ውስጥ ከመዋከባቸው የተነሣ በ2016 ሴቶችን በሴቶች የሚያጓጉዝ ኢክዌ ሴፍ ራይድስ የሚባል የበጎ ፈቃድ አገልግሎት እስከ መቋቋም ተደርሷል። በእናንተ መኪና የገባች ልጅ ቤቷ በሰላም እንድትደርስ ማድረግ ከስብከት የሚበልጥ አገልግሎት ነው። ከባድ መኪና ይዛችሁ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ 16 ቁጥር አውራ ጎዳና የምታልፉም አላችሁ። ከፕሪንስ ጆርጅ እስከ ፕሪንስ ሩፐርት ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የእንባ ጎዳና ይሉታል። አውቶቡስ እንደ ልብ ስላልነበረ ሊፍት የለመኑ ልጆች ቀርተውበታል። ሞቴል የምትሠሩ፣ ሌሊት ነዳጅ ማደያ የምትቆሙ፣ የምታዩት ብዙ ነው። ያያችሁትን ተናገሩ።

ወጥተው የለኩትንም እንይ። በኦገስት 2014 የ15 ዓመቷ ቲና ፎንቴይን ሬሳ እዚሁ ሬድ ሪቨር ውስጥ ተጠቅልሎ ተገኘ። ከመጥፋቷ በፊት ፖሊስም፣ ሆስፒታልም፣ የልጆች ጥበቃም አግኝተዋት ነበር። ሁሉም አሳልፈው ለቀቋት። ከዚያ በኋላ ሰዎች ተነሡ። ከመካከላቸው በ2008 እኅቷ የጠፋችባት በርናዴት ስሚዝ አለች። ትንሽ ጀልባ ይዘው፣ መንጠቆ የተያያዘበትን ብረት በገመድ ወደ ደፍራሹ ውኃ እየጣሉ የወንዙን አልጋ ማሰስ ጀመሩ። ሌሎቹ ዳር ዳሩን በእግር ይሄዳሉ። ጭቃው ውስጥ ጨርቅ ካዩ ይጎነበሳሉ፣ አጥንት ካዩ ይጠሩና ያሳያሉ። ማንም አልቀጠራቸውም። ዘዳግም 21ን እንደዚህ የፈጸመ ሰው እኔ በበኩሌ አላየሁም።

ሜይ 5 የጠፉትና የተገደሉት የሚታሰቡበት ቀን ነው። በዛፍና በአጥር ላይ ባዶ ቀይ ቀሚስ ተሰቅሎ ታያላችሁ። ለኛ ሚያዝያ 27 ነው፣ የአርበኞች ቀን። ወራሪ አገር ሲይዝ ሴቶች ምን እንደሚገጥማቸው አያቶቻችን ያውቁታል፣ ስለዚህ ቀኑ እንግዳ አይሁንብን። ከፊቱ ባለው እሑድ ስማቸውን ጠርተን እንጸልይ። ፓስተሮች፣ አምስት ደቂቃ ስጡት። የሴቶች ኅብረት፣ በዕለቱ በሚደረገው ሰልፍ ላይ ነጠላችሁን ለብሳችሁ ውጡ፤ ግን ከኋላ ሁኑ፣ ባለቤቶቹ ይምሩ። ስለ ጠፉትና ስለ ተገደሉት ሴቶች የተቋቋመው የካናዳ ብሔራዊ አጣሪ ኮሚሽን በ2019 ያወጣቸውን 231 የፍትሕ ጥሪዎችም ወጣቶቹ በመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ላይ ተከፋፍለው ያንብቡልን።

አንድ ነገር ደግሞ ለሁሉም። ሰው ሲጠፋ 24 ሰዓት ይጠበቃል የሚባለው ስህተት ነው። ካናዳ ውስጥ እንዲህ ያለ ደንብ የለም። የጎረቤታችሁ ልጅ ማታ ካልገባች እናትየው እንግሊዝኛውም ድፍረቱም ቢያጥራት አብራችኋት ፖሊስ ጣቢያ ሂዱ። ያያት ሰው፣ የለበሰችው ልብስ፣ የስልኳ ቁጥር፣ የቅርብ ፎቶዋ ይያዝ። ያናገራችሁን ፖሊስ ስምና የመዝገቡን ቁጥር ጻፉ። በማግስቱ ደግማችሁ ደውሉ።