አዲስ የአማርኛ ዌብሳይት ጉግል ላይ እንዲገኝ ማዘጋጀት

አዲስ ዌብሳይት ሊከፈት ሲልና በተከፈተ ሰሞን፣ ሰው ጉግል ላይ ሲፈልገው እንዲያገኘው የሚሠራ ሥራ አለ። ይህ ሥራ ዌብሳይትን ለመፈለጊያ ሞተር የማመቻቸት፣ ኤስኢኦ የሚባለው ሰፊ ሙያ የመጀመሪያው ምዕራፍ ነው። በእንግሊዝኛ ስለዚህ የተጻፈው መመሪያ ተቆጥሮ አያልቅም። ስለ አማርኛ ገጽ የሚያነሳው ግን በጣም ጥቂት ስለሆነ ይህ ዳሰሳ ወደዚያ ያደላል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አሠራሩ

ሰው ጉግል ላይ ሲጽፍ ጉግል በዚያች ቅጽበት ኢንተርኔቱን አያስስም። ሥራው ቀድሞ ያለቀ ነው። ጉግልቦት የተባለ ፕሮግራም ከሊንክ ወደ ሊንክ እየተሻገረ ገጾችን ያነባል። ካነበበው ውስጥ ይበጃል ያለው ኢንዴክስ በተባለው መዝገብ ውስጥ ይገባል። ለፈላጊው የሚመጣለት ከዚያ መዝገብ ተመርጦ ነው። መነበብ አንድ ነገር፣ መመዝገብ ሌላ፣ ከፊት መሰለፍ ደግሞ ሌላ ነው። የአዲስ ዌብሳይት ባለቤት «ከፊት አልወጣሁም» ብሎ ያማርራል፤ ሲታይ ግን ገጹ ገና አልተነበበም።



በሩን መክፈት

ሮቦትስ ቲኤክስቲ የምትባል ትንሽ ፋይል አለች። ለጎብኚ ፕሮግራሞች «እዚህ ግቡ፣ እዚያ አትግቡ» ትላለች። ሐሳቡን በ1994 ያቀረበው ማርታይን ኮስተር ነው። ፋይሏ በስምምነት ብቻ ስትሠራ ኖራ፣ በ2022 አርኤፍሲ 9309 በተባለ የኢንተርኔት ደንብ ሰነድ በወግ ሰፈረች። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሮቦትስ ቲኤክስቲ የምትከለክለው ማንበብን እንጂ መመዝገብን አይደለም። መመዝገብን የሚከለክለው ኖኢንዴክስ የተባለው በገጹ ኮድ ውስጥ የሚጻፍ ትእዛዝ ነው። ሁለቱን ደርቦ ያደረገ ሰው ራሱን ይጠልፋል፤ ጉግልቦት ገጹን እንዳያነብ ስለተከለከለ ኖኢንዴክስ የሚለውንም አያየውም።

ወርድፕረስ በተባለው የዌብሳይት መሥሪያ ፕሮግራም ላይ ሴቲንግ ውስጥ ሪዲንግ የሚባል ክፍል አለ። እዚያ ውስጥ አንዲት ሳጥን አለች። ራይት ከተደረገባት የመፈለጊያ ሞተሮች ዌብሳይቱን እንዳይመዘግቡ ትጠይቃለች። ሥራው ሳያልቅ እንዳይታይ ተብሎ ራይቱ ይደረጋል፣ በመክፈቻው ቀን ማንሳቱ ይረሳል። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅም አንድ ጊዜ ለአንድ ዕቃ ቤት ዌብሳይት ሠርቶ፣ «ጉግል ጠምዶናል» ሲባል ሦስት ሳምንት አብሮ ሲያማርር ከርሟል። ለካስ ራይቱን ያደረገው ራሱ ነበር። ዌብሳይት ሲከፈት መጀመሪያ የምትታየው ይህች ሳጥን ብትሆን ጥሩ ነው።

ቀጥሎ ያለው ሳይትማፕ ነው። የገጾቹን አድራሻ ዘርዝሮ የያዘ ፋይል ነው። ጉግል በ2005 ጀመረው፣ በ2006 ያሁና ማይክሮሶፍት ተቀበሉት። አንድ ፋይል ከ50,000 አድራሻ በላይ ወይም ከ50 ሜጋባይት በላይ መሆን አይችልም። ለአብዛኞቻችን ይህ ጣሪያ የሩቅ ነው። ወርድፕረስ ከ2020ው 5.5 ቨርዥን ጀምሮ ሳይትማፕ በራሱ ያዘጋጃል። ባለቤቱ የሚጠበቅበት የፋይሉን አድራሻ ሰርች ኮንሶል ላይ ማስገባት ነው። ሰርች ኮንሶል ዌብሳይት ጉግል ላይ ያለበትን ሁኔታ ለባለቤቱ የሚያሳይ የጉግል ነጻ አገልግሎት ነው፤ እስከ 2015 ዌብማስተር ቱልስ ይባል ነበር። ዌብሳይቱ የእርስዎ መሆኑን ለማረጋገጥ የሚሰጥዎትን ኮድ ዶሜይኑ (የዌብሳይቱ የአድራሻ ስም) የተመዘገበበት ቦታ ይለጥፋሉ። ይህ ከመክፈቻው ቀን በፊት ቢያልቅ ይሻላል። የማይክሮሶፍት መፈለጊያ ሞተር የሆነው ቢንግ የራሱ መሣሪያ አለው፤ ከሩሲያው መፈለጊያ ሞተር ከያንዴክስ ጋር በ2021 ኢንዴክስናው የሚባል የማሳወቂያ መንገድም ጀምሯል።

ፊደሉ

የአማርኛ ዌብሳይት ሥራ ከሌላው የሚለየው እዚህ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ቁጥር መዝገብ ውስጥ የገባው በ1999፣ በ3.0 እትም ነው። እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ተሰጠው፤ ከዚያ በኋላ ሰላም የሚለው ቃል አዲስ አበባም ተጻፈ ቴል አቪቭ፣ ለኮምፒውተር ያው ሰላም ነው። ትልቅ ድል ነበር፤ ዛሬ ግን እንደ ቀላል ነገር ይታያል። ከዚያ በፊት የነበሩት ፎንቶች የኛን ፊደል በላቲኑ ቁጥር ላይ አልብሰው ነበር የሚሠሩት። ስክሪን ላይ ሰላም ይታያል፤ ፋይሉ ውስጥ ያለው ግን የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ነው። መፈለጊያ ሞተር የሚያነበው ደግሞ ፋይሉን ነው። ዛሬም አንድ ድርጅት የቆየ ሰነዱን ከእነዚያ ፎንቶች ኮፒ አድርጎ ሲለጥፍ ይኸው ችግር ይመለሳል። ጽሑፉ መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ መቀየር አለበት።

ሁለተኛው በሽታ ምስል ነው። ቴሌግራም ላይ የለመድነው ነገር አለ፤ ማስታወቂያው፣ ዋጋው፣ ስልኩ ሁሉ በሚያምር ፖስተር ይሠራል። ያው ፖስተር ዌብሳይቱ ላይ ይወጣና ገጹ ለጉግልቦት ባዶ ሊሆን ምንም አይቀረው። ፖስተሩ ይኑር፤ ከሥሩ ግን ጽሑፉ በጽሑፍነቱ ይቀመጥ።

ከዚያ ሞክሼ ፊደላት አሉ። ድረ ገጽ የሚለው ቃል ራሱ ድረ ገፅ፣ ድረገጽ፣ ድረገፅ ተብሎ ይጻፋል። ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ እያሉ መቁጠር ይቻላል። ለኮምፒውተር ሀ፣ ሐ እና ኀ ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው፤ መፈለጊያ ሞተር አንድ አድርጎ ያያቸዋል ብሎ መተማመን አያዋጣም። መፍትሔው ላይ ሰው አይስማማም። ትክክለኛውን አጻጻፍ ይዘን እንጽና የሚሉ አሉ። ሕዝቡ በሚተይበው እንጻፍ የሚሉም አሉ። የሚያስኬደው ርዕሱን በትክክለኛው ጽፎ፣ ሌላውን አጻጻፍ ትርጉም ባለው ዓረፍተ ነገር ውስጥ አንድ ሁለት ቦታ መጠቀም ይመስላል። አራቱንም አጻጻፍ ከገጹ ግርጌ መደርደር ግን አንባቢንም ጉግልንም ያስቀይማል። ብዙ ሰው አማርኛውን በላቲን ፊደል እየጻፈ እንደሚፈልግም አይረሳ።

የገጽ አድራሻም ሌላ ጣጣ አለው። አማርኛ አድራሻ ይሠራል፣ ጉግልም ያነበዋል። ሲላክ ግን እያንዳንዱ ፊደል ወደ ዘጠኝ ምልክት ይለወጣል። አዲስ-አበባ የምትል ስድስት ፊደልና አንድ ሰረዝ ያላት አድራሻ 55 ምልክት ትሆናለች። ቴሌግራም ላይ ሲለጥፏት የፐርሰንት ምልክት ሰልፍ ሆና ትመጣለች፤ ሰውም ቫይረስ መስሎት አይነካትም። ወርድፕረስ ደግሞ የጽሑፍ አድራሻን 200 ምልክት ላይ ስለሚገታው፣ የአማርኛ አድራሻ ቢበዛ 22 ፊደል ላይ ይቆረጣል። ለዚህ ብዙዎች አድራሻውን በአጭር የላቲን ፊደል፣ ርዕሱን በአማርኛ ያደርጉታል። ፊደሉን ለሚወድ ሰው ትንሽ ያሳዝናል፣ ግን ያስኬዳል።

የቋንቋ ኮዱም ያሳስታል። በገጹ ራስጌ ላይ ቋንቋው ሲገለጽ የአማርኛ ኮድ ኤኤም ነው። ብዙ ሰው ከአገሩ ዶሜይን ወስዶ ኢቲ ብሎ ይጽፋል። ኢቲ ለኢትዮጵያ የአገር ኮድ ነው እንጂ፣ የቋንቋ ሲሆን ኢስቶኒያኛ ማለት ነው። ኤኤምም በበኩሉ የአገር ኮድ ሲሆን አርሜኒያ ነው። ዌብሳይቱ እንግሊዝኛና አማርኛ ካለው፣ ሁለቱ ገጾች አንዱ የሌላው አቻ መሆኑን ኤችሬፍላንግ በተባለ በኮዱ ውስጥ በሚጻፍ ምልክት መጠቆም ያስፈልጋል።

ስልክና ፍጥነት

ጉግል ከ2019 ጀምሮ አዲስ ዌብሳይትን የሚያነበው በስልክ መልኩ ነው። ስለዚህ ኮምፒውተር ላይ ብቻ የሚታይ ጽሑፍ እንደሌለ ይቆጠራል። ዋናው የገጹ ይዘት በ2.5 ሰከንድ ውስጥ እንዲታይ ይመከራል። የግዕዝ ፎንት ብዙ ፊደል ስላለው ይከብዳል፤ አንድሮይድ የራሱ ፎንት ስላለው በዚያ መጠቀም ዳታም ጊዜም ይቆጥባል። መረጃን በምስጢር የሚያስተላልፈው ኤችቲቲፒኤስም የግድ ነው።

ሰፈርና አድራሻ

ሱቅ፣ ክሊኒክ ወይም ምግብ ቤት ከሆነ የጉግል ቢዝነስ ፕሮፋይል፣ ማለትም ድርጅቱ ጉግል ላይና ካርታው ላይ የሚታይበት መግለጫ፣ ከዌብሳይቱ እኩል ይሠራል፤ ይህን ስም የያዘው በ2021 ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሰው የሚፈልገው በመንገድ ቁጥር አይደለም። «ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ»፣ «መገናኛ» እያለ ነው። የሰፈሩ ስም ገጹ ላይ በጽሑፍ መኖር አለበት። አሜሪካ፣ ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ሐበሻ ምግብ ቤት ደግሞ ለአካባቢው ሰው የመንገድ አድራሻውን በእንግሊዝኛ፣ ለወገን ምግቡን በአማርኛ ቢጽፍ ሁለቱንም ያገኛል።

የሚያከራክሩ ነጥቦች

ሳንድቦክስ የሚባል ወሬ ከ2004 ገደማ ጀምሮ አለ፤ ጉግል አዲስ ዌብሳይትን ለወራት ሆን ብሎ ወደኋላ ያቆያል ይባላል። የጉግል ሰዎች እንዲህ ያለ ነገር የለም ብለዋል፤ ሙያተኛው ግን በሙሉ ልብ አልተቀበላቸውም። ዶሜይኑ ዶት ኢቲ ይሁን ወይስ ዶት ኮም የሚለውም ያከራክራል። የአገር ዶሜይን ለዚያ አገር ፈላጊ የታሰበ መሆኑን ይጠቁማል። ሥራው አገር ቤት ለሆነ ሰው ዶት ኢቲ የሚያኮራም የሚጠቅምም ነው፤ አንባቢው ዋሽንግተንና ዱባይ ለሆነ ሰው ግን ዶት ኮም ይቀላል።

ቁልፍ ቃላትን ኪወርድስ ታግ በተባለው በገጹ ኮድ ውስጥ ባለ ቦታ መደርደር ግን ክርክር አያስፈልገውም። ጉግል እንደማይጠቀምበት በ2009 በግልጽ ተናግሯል። «በሳምንት አንደኛ ገጽ አወጣሃለሁ» የሚል ሰው ሲመጣም፣ አንደኛነትን ማንም ዋስትና ሊሰጥበት እንደማይችል የጉግል መመሪያ ራሱ ይናገራል። ሊንክ ገዝቶ መከመርም በመመሪያው የተከለከለ ነው።

ከተከፈተ በኋላ

መነበቡ ከጥቂት ቀን እስከ ጥቂት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ዋናውን ገጽ ሰርች ኮንሶል ላይ አስገብቶ እንዲመዘገብ መጠየቅ ይቻላል፤ አሥር ጊዜ ደጋግሞ መጠየቅ ግን አያፈጥነውም። «ተገኝቷል፣ ገና አልተመዘገበም» የሚል መልእክት ቢመጣ አያስደነግጥ። ሳምንታት ካለፉ ግን ገጹ ውስጥ የሚነበብ ነገር መኖሩን፣ ከዌብሳይቱ ሌሎች ገጾችም ሊንክ መዘርጋቱን ማየት ነው። አዲሱ ዌብሳይት አሮጌውን የተካ ከሆነ፣ እያንዳንዱ የድሮ አድራሻ 301 በተባለው ቋሚ የማዞሪያ ትእዛዝ ወደ አዲሱ አቻው መመራት አለበት። ሁሉንም ወደ ዋናው ገጽ ማዞር የድሮውን ስም ያባክናል። አቅጣጫው ቢያንስ ለአንድ ዓመት መቆየት ስላለበት የድሮው ዶሜይን ክፍያም በዚያው ልክ ይታደሳል።